በግል ክሊኒኮች ስለሚሰጥ የላቦራቶሪ ምርመራና ክፍያው፦ በንፋስ መውጫና አካባቢው ለሚገኙ ተገልጋዮች

በግል ክሊኒክ ምርመራ የሚያዘው ባለሙያ፣ ናሙናውን የሚመረምረው ላቦራቶሪና ሂሳብ የሚቀበለው ገንዘብ ያዥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። አሠራሩ የተፈቀደ ነው፤ ለተገልጋዩም ድካም ይቀንሳል። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ተነሥቶ ንፋስ መውጫ የደረሰ ሕመምተኛ ደሙን ለማስመርመር ሌላ ቦታ አይዞርም። ሆኖም ምርመራ በታዘዘ ቁጥር ገቢው የሚያድገው የዚያው ክሊኒክ በመሆኑ ተገልጋዩ መብቱን ማወቅ ይኖርበታል።

የፈቃድ ወሰን

በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና በደንብ ቁጥር 299/2006 መሠረት ሲሠራበት የቆየው የቁጥጥር ሥርዓት ክሊኒኮችን የመጀመሪያ ደረጃ፣ መካከለኛና ልዩ በሚል ይለያል። የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ መሣሪያና የምርመራ ዓይነት በዚሁ ደረጃ ይወሰናል። ስለሆነም ክሊኒኩ ፈቃድ አለው ማለት ማንኛውንም ምርመራ ማድረግ ይችላል ማለት አይደለም። ናሙናውን የሚመረምረው የሙያ ፈቃድ ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆን አለበት። ከክሊኒኩ አቅም በላይ የሆነ ምርመራ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሲላክ ውጤቱን የሠራው ማን እንደሆነ ተገልጋዩ የማወቅ መብት አለው። ሕመምተኛ ወይም ናሙና ስለላኩ ኮሚሽን መቀበል የሕክምና ሥነ ምግባርን የሚጻረር ተግባር ነው።

ዋጋና ደረሰኝ

የግል ክሊኒክ የምርመራ ዋጋ የሚተምነው ራሱ ተቋሙ ነው፤ በመሆኑም በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ዋጋው ሊለያይ ይችላል። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የአገልግሎት ዋጋ በግልጽ እንዲታይና ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ተገልጋዩ ናሙና ከመስጠቱ በፊት የእያንዳንዱን ምርመራ ስምና ዋጋ ለይቶ መጠየቅ ይችላል። “ላቦራቶሪ” ተብሎ በድምሩ ብቻ የተጻፈ ደረሰኝ ለአቤቱታ አይመችም፤ በዝርዝር እንዲጻፍ መጠየቅ ይበጃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ነበር። የአባልነት ደብተር የሚያገለግለው ከመድኑ ጋር ውል ባላቸው ተቋማት ነው፤ ውል በሌለው የግል ክሊኒክ የሚደረግ ምርመራ ከአባሉ ኪስ ይከፈላል። የሳንባ ነቀርሳ የአክታ ምርመራና የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንኛውም ሰው፣ መድን ይኑረውም አይኑረውም፣ በነጻ ይሰጣሉ። ሳል ሁለት ሳምንት የቆየበት ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።

ስለ ውጤቱ

ትኩሳት ላለበት ሰው በብዛት የሚታዘዘው የ“ታይፎይድና ታይፈስ” ምርመራ፣ ማለትም ቪዳልና ዌይል ፌሊክስ፣ ለብቻው በሽታውን አያረጋግጥም። ሰውየው ቀደም ሲል ታሞ ከነበረ፣ ወይም ሌላ ትኩሳት ካለበት፣ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለየው የደም ካልቸር ነው። በየወሩ “ታይፎይድ ተገኘብህ” እየተባለ የሚከፍልና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወደ ሆስፒታል እንዲላክ መጠየቅ ይገባዋል። ከቆላ የመጣ ሰው ደግሞ ከየት እንደመጣ ለባለሙያው መንገር አለበት፤ ንፋስ መውጫ ደጋ በመሆኗ ብቻ የወባ ምርመራ መዘለል የለበትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የሄሞግሎቢን መጠን የሚነበበው ከፍታው ታስቦ ነው። ለቆላ አገር በቂ የሚባለው መጠን በዚህ ከፍታ ለሚኖር ሰው የደም ማነስን ሊያመለክት ይችላል፤ ይህም በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችን ይመለከታል።

ውጤቱ የታካሚው ነው። በጽሑፍ ይዞት ሄዶ ለሌላ ባለሙያ ማሳየት ይችላል፤ ለሌላ ሰው ግን ያለ ፈቃዱ አይገለጽም።

ቅሬታ ሲኖር

ቅሬታ በመጀመሪያ ለክሊኒኩ ኃላፊ፣ መፍትሔ ካልተገኘ ለከተማው ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ለደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ በደብረ ታቦር ይቀርባል። የዋጋና የደረሰኝ ጉዳይ ለንግድ ጽሕፈት ቤትም ሊቀርብ ይችላል። አቤቱታ አቅራቢው ደረሰኙን፣ የምርመራ ማዘዣውንና የውጤቱን ወረቀት ኮፒ አያይዞ ዋናዎቹን በእጁ ያስቀራል።