ቋንቋ ነው ወይስ ዘዬ? የአርጎብኛ ጥያቄና የበዓለ ሃምሳ መልስ



ከከላላ ወይም ከመካነ ሰላም ተነሥቶ፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ የወረደ ሰው አርጎብኛ ወደሚነገርበት አገር ይደርሳል። በተራራ አናት ላይ በድንጋይ በተሠራችው በሾንኬና በጎረቤቷ በጦለሃ ሕዝቡ ዛሬም አርጎብኛ ይነጋገራል። ከእኛ አገር የሄደ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮውን ቢሰጥ አንዳንዱ ቃል የገዛ ቤቱ ቃል ሆኖ ያገኘዋል፤ ሌላው ግን ያመልጠዋል።

ታዲያ አርጎብኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ወይስ የአማርኛ ዘዬ? ሊቃውንቱ አንድ ቃል አይደሉም። የሴም ቋንቋዎችን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ዎልፍ ሌስላውና የአገራችን የቋንቋ ምሁር ጌታሁን አማረ ዘዬ ነው ወደሚለው ካደሉት ይቆጠራሉ። ሌሎች ደግሞ አርጎባ የራሱ ታሪክና ማንነት ያለው ሕዝብ ነውና አንደበቱም ቋንቋ ተብሎ ሊጠራ ይገባል ይላሉ። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚክድ የለም። አርጎብኛ ግን አማርኛ ከጣላቸው የጉሮሮ ድምፆች አንዳንዶቹን እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። በአንኮበር በኩል ያሉት አርጎቦች ብዙዎቹ ወደ አማርኛ፣ በሐረር በኩል ያሉትም ወደ ኦሮምኛ በማለፋቸው፣ ቋንቋው የቀረው በጥቂት መንደሮች ነው።

«ይህ ለአማኝ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ይጠቅማል። «ቋንቋ» ስንል እናከብራለን፤ «ዘዬ» ስንል ግን ብዙ ጊዜ «የተበላሸ አነጋገር» ማለታችን ነው። ንቀት ደግሞ የቋንቋ ጥናት ጉዳይ ሳይሆን የልብ ጉዳይ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። በስኮትላንድ የሚነገረው ስኮትስ ከእንግሊዝኛ ጋር እንዲሁ የተቀራረበ ነው። አገሪቱ የራሷ ንጉሥ በነበራት ዘመን ስኮትስ የቤተ መንግሥትና የባለቅኔዎች ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1560 የወንጌል ተሐድሶ ሲመጣ ግን በእጃቸው የታተመ የስኮትስ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም። መርዶክ ኒስቤት የሚባል ሰው ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አዲስ ኪዳንን በስኮትስ በእጁ ጽፎ ነበር፤ ሆኖም ጽሑፉ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሳይታተም ቀረ። ስለዚህ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያንም በቤቱም የሚያነበው እንግሊዝኛውን የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1603 ንጉሣቸው የእንግሊዝንም ዘውድ ደፍቶ ወደ ለንደን ሄደ። ቀስ በቀስ ሕዝቡ እግዚአብሔር እንግሊዝኛ ይናገራል፣ የእኛ ስኮትስ ለኩሽናና ለእርሻ ነው ብሎ አሰበ። ዊሊያም ሎሪመር ከግሪኩ የተረጎመው የስኮትስ አዲስ ኪዳን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ በተጨመረ አንድ ክፍል ጌታ በምድረ በዳ ሲፈተን ስኮትስ ይናገራል፤ እንግሊዝኛ የሚናገረው ፈታኙ ብቻ ነው! ቀልዱ መራራ ነው፤ ስንት ዘመን የተናቀ ሕዝብ ስሜት አለበት።

አማርኛ ተናጋሪዎችም የራሳችንን ታሪክ ብናስታውስ ትሑታን እንሆናለን። አማርኛ ለብዙ መቶ ዓመታት የገበያ፣ የሠራዊትና የቤተ መንግሥት አንደበት እንጂ የመጽሐፍ ቋንቋ አልነበረም። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለነገሥታት ክብር የተገጠሙ ግጥሞች ቢገኙም፣ የጸሎቱና የመጽሐፉ ቋንቋ ግዕዝ ነበር። ገበሬው የሚሰብከውን ቃል በሚያልምበት ቋንቋ አያገኘውም ነበር። ከዚያ አቡ ሩሚ፣ አባ አብርሃም በመባልም የሚታወቁት የጎጃም ተወላጅ መነኩሴ፣ በካይሮ ለዓመታት ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1820 ለብሪታንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ፤ በ1824 ወንጌላት፣ በ1829 አዲስ ኪዳን፣ በ1840 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ትናንት ለመጽሐፍ አይበቃም ይባል የነበረ አንደበት ዛሬ ሌላውን «ዘዬ ነህ» ለማለት ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ቅዱሱ ቃል እንምጣ። ሉቃስ የበዓለ ሃምሳን ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ሲጽፍ ሁለት የግሪክ ቃላት ይጠቀማል። በቁጥር 4 እና 11 ላይ «ግሎሳ»፣ በቁጥር 6 እና 8 ላይ ደግሞ «ዲያሌክቶስ» ይላል። ዛሬ ፈረንጆች ዘዬን የሚጠሩበት ቃል የመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። በሉቃስ ዘመን ትርጉሙ የአንድ አገር ሰዎች አነጋገር ማለት ነበር እንጂ የዛሬው ልዩነት አልነበረበትም። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ መንፈስ ቅዱስ በመጣ ጊዜ፣ ይህ ቋንቋ ነው፣ ያ ዘዬ ነው የሚል ወንፊት አልተዘረጋም። እያንዳንዱ በተወለደበት አንደበት የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ ሰማ። ተናጋሪዎቹም የገሊላ ሰዎች ነበሩ። ጴጥሮስ ገሊላዊ መሆኑ በአነጋገሩ የታወቀበትን ያን ሌሊት አስቡ (ማቴዎስ 26፥73)። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ያጋለጠው አንደበት ከሃምሳ ቀናት በኋላ ለሦስት ሺህ ነፍስ ወንጌል ሰበከ።

መጽሐፍ ቅዱስ ተቃራኒውንም ያሳየናል። በመሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። «ሲቦሌት» ያለውን ገደሉት፤ የወደቁት አርባ ሁለት ሺህ ነበሩ። ገዳዩም ሟቹም እስራኤላዊ ነበር። የለያቸው አንድ ፊደል ነው። ወገኖቼ፣ ሰው በአፉ ተለይቶ የተገፋበትንና የሞተበትን ዘመን ላየን ለእኛ ይህ የጥንት ተረት አይደለም።

ሊቃውንት አማርኛን የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ እያሉ በዘዬ ይለዩታል። ይህ ዕውቀት ነውና መልካም ነው። ነገር ግን የገጠር ልጅ ጸሎት ለማድረግ ሲነሣ የከተማ አነጋገር መዋስ ያለበት ከመሰለው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳታውቀው የዮርዳኖስን መሻገሪያ በደጇ ሠርታለች ማለት ነው። ወሎዬ «አብሽር» ሲል ሌላው ፈገግ ይላል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ብሥራት» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ የምሥራች ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤታችን ያዘነን ሰው በዚህ ቃል ሲያጽናና፣ ወንጌል የተጠራበትን ሥር በአፉ ይዞ ነው።

እንግዲህ አርጎብኛ ቋንቋ ይሁን ዘዬ፣ ክርክሩን ለሊቃውንቱ እንተው። ከእኛ የሚጠበቀው ጎረቤታችን በእናቱ አፍ ሲናገር ሳንስቅ መስማት፣ የምሥራቹንም ልቡ በሚገባው አንደበት ማድረስ ነው። በራእይ 7፥9 ከቋንቋ ሁሉ የተሰበሰበው ሕዝብ በበጉ ፊት ሲቆም፣ በአነጋገሩ ተለይቶ ወደ ኋላ የሚመለስ አይኖርም።

ጌታ አንደበታችንንም ጆሮአችንንም ይቀድስ። አሜን።