የኢሜይል ማስጠንቀቂያ አለመድረስ

የኢሜይል ማስጠንቀቂያ አንድ መሣሪያ በራሱ ለባለቤቱ የሚልከው መልእክት ነው። ለምሳሌ የፋይል ማከማቻ ሰርቨር ዲስኩ ሲበላሽ፣ ዩፒኤስ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በዚህ መንገድ ያሳውቃሉ። ብዙውን ጊዜ መሣሪያው መልእክቱን ለአንድ የኢሜይል ሰርቨር ያስረክባል፤ ሰርቨሩም ለተቀባዩ ያስተላልፋል። ርክክቡ የሚፈጸመው ጆናታን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 በጻፈው፣ በኋላም በተሻሻለው የኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ደንብ ነው።

ርክክቡ ቢቋረጥም መሣሪያው ሌላ ሥራውን ስለሚቀጥል ችግሩ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። መልእክት አለመምጣቱ እንደ ደህንነት ምልክት ይቆጠራል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ፋይሎቹ ከጠፉ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የተለመዱ ምክንያቶች

• ፖርት፦ የቀድሞው ፖርት 25 ነው። ብዙ አቅራቢዎች በቫይረስ የተያዙ ኮምፒውተሮች ስፓም እንዳይልኩበት ለደንበኞች ይዘጉታል። ደንበኛ መልእክት እንዲያስረክብባቸው የተመደቡት 587 እና 465 ናቸው።
• የይለፍ ቃል፦ ባለቤቱ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ሲቀይር በመሣሪያው ውስጥ ያለው አሮጌው እንደነበረ ይቀራል።
• ምስጠራ፦ ቲ.ኤል.ኤስ. 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 ጊዜ ያለፈባቸው ተብለዋል። ከእነዚህ የተሻለ የማያውቅ አሮጌ መሣሪያ በብዙ ሰርቨሮች ተቀባይነት አያገኝም።
• የላኪ አድራሻ፦ አድራሻው ከተመዘገበው የኢሜይል አካውንት ጋር ካልተስማማ ሰርቨሩ መልእክቱን ሊመልስ ይችላል።
• መስመር፦ አንዳንድ ሰርቨሮች የሚቀበሉት ከራሳቸው ደንበኞች መስመር ብቻ ነው። አቅራቢ የቀየረ ሰው የድሮውን ሰርቨር ስም ካልለወጠ መልእክቱ አይወጣም።

ምክንያቱን መለየት

ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ባለ ሦስት አሃዝ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም በመሣሪያው የክንውን መዝገብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በ4 የሚጀምር ቁጥር ጊዜያዊ እንቅፋትን ያመለክታል፤ አንዴ ብቻ ሞክሮ የሚተው መሣሪያ ግን መልእክቱን ያጠፋዋል። በ5 የሚጀምር እምቢታ ነው፦ 535 የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ አለመስራቱን ይገልጻል፤ 550 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀባዩ አድራሻ አለመኖሩን ወይም ሰርቨሩ ለማስተላለፍ አለመፍቀዱን ያሳያል። ምንም ቁጥር ካልመጣ ግንኙነቱ ስላልተጀመረ የሰርቨሩ ስም፣ ፖርቱና ፋየርዎሉ ይመረመራሉ። መልእክቱ ተልኮ ካበቃ በኋላ 250 ከመጣ ሰርቨሩ ተረክቦታል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ፍለጋ በተቀባዩ የስፓም ማኅደር ይሆናል።

መከላከያ

ቅንብር በተለወጠ ቁጥር የሙከራ መልእክት መላክ ያስፈልጋል። መሣሪያው በየሳምንቱ «አለሁ» የሚል መልእክት እንዲልክ ከተደረገ ደግሞ የመልእክቱ መቅረት ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።