እንሰት ውርጭ አገር ሄደ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ከጌዴኦዋ ዲላ ልነሳ። ዲላ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ ጓሮው ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቡሌ የሚወስደውን ዳገት ስትይዙ ማንጎው ይቀራል። ጥቂት ከፍ ስትሉ ሙዙም ይቀራል፤ ቡናውም እየሳሳ ይሄዳል። ቡሌ ስትደርሱ ጋቢ መደረብ ግድ ነው። በዚያ ደጋ፣ በቀርከሃውና በገብሱ መሐል፣ ቅጠሉ ሙዝ የመሰለ ተክል ቤቱን ከቦ ቆሟል። እንሰት ነው።

እንግዳ ሰው «እማማ፣ ይኼ ሙዝ አይበርደውም?» ቢል ይሳቅበታል። የጌዴኦ እናት ልዩነቱን ከጓሮዋ ታውቀዋለች፤ ሙዝ ማንም ሳይነካው ልጆቹን ከጎኑ ያበቅላል፣ እንሰት ግን ካልቆረጡት አይወልድም። ለዘር የተመረጠው እንሰት ከግንዱ ይቆረጣል፣ የሥሩ እምብርት ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ከዚያ በአፈርና በፍግ ይቀበራል። ወራት ሲያልፉ በሞተው ዙሪያ ብዙ ቡቃያ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ፣ ብቅ ይላል። ያ ቡቃያ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ዓመታት ይቆያል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ነው ተፍቆ፣ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቦክቶ፣ ቆጮ የሚሆነው።

አሁን ወደ ጎንደር ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። እንሰትንም አየ፤ ተቀቅሎ በወተት ወይም በቅቤ ሲበላ ምን ያህል እንደሚጥም ሳይቀር ጻፈ። መጽሐፉ በ1790 ሲታተም የእንሰት ሥዕል ነበረበት። «ይኼ ሙዝ ነው» ላሉትም፣ አይደለም ብሎ ተሟገተ። ማን ይስማው! በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ «ሙሳ ኢንሴቴ» ብሎ ሙዝ ውስጥ መዘገበው።

ደግሞ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1853 የምጽዋው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ዘሩን ለንደን ወዳለው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ላከ። ዘሩ በመስታወት ቤት ሙቀት በቀለ። አውሮፓውያን የቅጠሉን ግዝፈት ሲያዩ ወደዱት፤ ከመስታወት ቤት አውጥተው መናፈሻ ላይ ይተክሉት ጀመር። ቅጠሉ ቀይ የሆነው ዓይነት ዛሬም የአትክልተኞች ዓይን ማረፊያ ነው።

ግን ብርድ ሌላ፣ ውርጭ ሌላ። የቡሌ ብርድ የሌሊት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትፈታዋለች። የአውሮፓ ክረምት ግን ውርጭና በረዶ ነው፣ ቅዝቃዜው ለወራት ይቀመጣል። ከቻይና የመጣው ብርድ የለመደ ዘንባባ በረዶውን እዚያው ተተክሎ ያሳልፋል። የእንሰት ቅጠል ግን በመጀመሪያው ውርጭ ይጠቁራል። ስለዚህ አትክልተኛው ቀድሞ ይነቅለዋል፤ ቅጠሉን ቆርጦ፣ በልቡ የተጠራቀመው ውኃ እንዳያበሰብሰው ይዘቀዝቀዋል። ውኃው ሲንጠፈጠፍ ውርጭ በማይገባበት ደረቅ ቤት ያኖረዋል። ግንቦት ገደማ መልሶ ይተክለዋል። ይኼ ሁሉ ድካም ለዓይን ነው፤ ከዚያ እንሰት ቆጮ ፍቆ የሚበላ የለም።

የብሩስ ሙግትስ? እ.ኤ.አ. በ1947 ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ በራሱ ወገን አቆመው። ብሩስ ልክ እንደነበር ለመቀበል 157 ዓመት ፈጀ። የጌዴኦ እናት ግን ቁርጡን የምታውቀው መጥረቢያ ስታነሳ ነበር። የእርሷ ጓሮ፣ ቡናው በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በበጋ መናፈሻ ስትገቡ ቅጠሉ ሰው የሚያህል ተክል ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ የስም ምልክቱን አንብቡ። ፊደሉ የላቲን ነው፤ ቃሉ ግን «እንሰት» ነው።