የመኪና ማስጠንቀቂያ መብራቶችና የጋራዥ ምርጫ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገት ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ዳገቱ ሞተርን ይፈትናል። መብራት ከበራ ቀለሙን ይዩ፦ ቀይ «ቁም»፣ ቢጫ «ቶሎ አስመርምር» ማለት ነው።

ዘይት (ቀይ)፦ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም መብራቱ ካልጠፋ ግፊት የለምና ያስጎትቱ።

ሙቀት፦ ዳር ይዘው ያጥፉ፤ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ።

ባትሪ፦ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩም ሊግል ይችላል።

ፍሬን፦ የእጅ ፍሬን ተለቆም ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላልና ቁልቁለት አይጀምሩ።

ቼክ ኢንጅን (ቢጫ)፦ ሳይርገበገብ ከበራ በዝግታ እስከ ጋራዥ ያደርሳል፤ ከተርገበገበ ግን ያቁሙ።

ጋራዥ ሲመርጡ፣ መካኒኩ በኮምፒውተር ያነበበውን ኮድ ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ኮዱ ችግሩ ያለበትን አካባቢ ይጠቁማል እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይወስንም። ስለዚህ ሳይፈትሽ «ይቀየር» የሚልን ይጠራጠሩ። ዋጋውን አስቀድመው ይስማሙ፣ አሮጌውን ዕቃ ይረከቡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ። ኮዱን አጥፍቶ ብቻ የሚሸኝ ጋራዥ ችግሩን አልጠገነም፤ መብራቱ መንገድ ላይ ተመልሶ ይበራል።