የሪችመንድ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብና የመረዳጃ ማኅበራቸው

በታሪክ ትምህርታችን ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ግን ስለ ልብስ አጣቢዎች፣ ስለ ወጥ ቤቶችና ስለ ልጆቻቸው ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት የምትገኘው ሪችመንድ እስከ 1865 ድረስ ሰው እንደ ከብት ከሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የባሮችን ጋብቻ ሕግ አያውቀውም ነበርና ጌታው በወደደ ጊዜ ባልን ከሚስት፣ እናትን ከልጅ ለይቶ ይሸጥ ነበር። ነጻነት ከመጣ በኋላ በ1866 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ አብረው ይኖሩ የነበሩትን ባልና ሚስት ጋብቻ አጸና። ይሁን እንጂ ጋብቻው በሕግ ቢጸናም ቤቱ ገንዘብ አልነበረውም፤ አባወራው ቢታመም ወይም ቢሞት ልጆቹ ወዲያው ለችግር ይጋለጡ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑና በየሰፈሩ ማኅበር አቋቋመ። አባሎቹ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ የታመመውን ያስታምሙ፣ የሞተውን በክብር ይቀብሩ ነበር። ነገሩ እኛ እድር ከምንለው ጋር በብዙ ይመሳሰላል።

ከነዚህ ማኅበሮች አንዱ በ1867 በባልቲሞር የተመሠረተው የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ነው። ማጊ ሊና ዎከር በዚህ ማኅበር የገባችው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እናቷ ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። የማጊ እንጀራ አባት በ1876 በሞተ ጊዜ እናቷ ልብስ በማጠብ ልጆቿን አሳደገች፤ ማጊም የታጠበውን ልብስ ለባለቤቶቹ ታደርስ ነበር።

ወይዘሮ ማጊ በ1899 ማኅበሩን ለመምራት ሲመረጡ በካዝናው የተገኘው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ያልተከፈለው ዕዳ ግን 400 ዶላር ነበረ። እርሳቸው ተስፋ ሳይቈርጡ በ1902 ጋዜጣ፣ በ1903 ባንክ፣ በ1905 የሸቀጥ መደብር አቋቋሙ። መደብሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ፤ ባንኩ ግን ጸና። በ1920ዎቹ የማኅበሩ አባሎች ወደ 100,000 ደረሱ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ከባንኩ ተበድረው የራሳቸውን ቤት ገዙ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የልጆቹ ነገር ነው። ማኅበሩ ለሕፃናት ትንንሽ የገንዘብ ማጠራቀሚያ ሣጥን ይሰጥ ነበር፤ አንድ ዶላር የሞላለት ልጅም በባንኩ በስሙ ሒሳብ ይከፍት ነበር። አያቱ በገበያ የተሸጠችበት ልጅ በዚያችው ከተማ የገንዘብ ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ወይዘሮ ማጊ በጃክሰን ዋርድ ሰፈር ከእናታቸው፣ ከልጆቻቸው፣ ከምራቶቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ኖረው በ1934 ዐረፉ። ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን! «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ወላጆቻችን ሲመክሩን ሰምተናል። የሪችመንድ ልብስ አጣቢዎችም ይህንኑ በሥራ አሳይተዋል። እኛም በየክፍላችን ደብተር መግዛት ያቃተው ጓደኛ ባየን ጊዜ ሳንቲማችንን ለማዋጣት አንስነፍ።