ንቅሳትን በቅባት ማጥፋት፦ ከጥንት ጀምሮ የተሸጠ ተስፋ

ከማኅበራችን አባላት መካከል በተለይ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የመጣን ብዙዎቻችን የተነቀስን ነን። አንዳንዶቻችን ግንባራችን ላይ መስቀል አለ፤ ሌሎቻችን አንገታችን ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ ክብ፣ ወይም የጠቆረ ድድ አለን። ለእናቶቻችን ይህ ጌጥ ነበር። ለብዙዎቻችን ግን ዛሬ የሚያሳስብ ነገር ሆኗል። በብድርና ቁጠባ መዝገባችን ላይ «ለሕክምና» ተብሎ ከወጣው ገንዘብ ውስጥ የንቅሳት ማጥፊያ ቅባት የተገዛበት መኖሩን ስናውቅ፣ ስለዚህ ቅባት ታሪክና እውነት ለአባላትና ለአጋሮቻችን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ ንቅሳቱ እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ። ነቃሿ የድስት ወይም የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ታሽና በእሾህ ወይም በመርፌ ቆዳውን እየወጋች ታስገባዋለች። ቁስሉ ሲድን ጥቁሩ ወይም አረንጓዴ የሚመስለው ምልክት ይቀራል። ምክንያቱም ብዙ ነበር። መስቀሉ የእምነት ምልክት ነው፤ የአንገቱ ጌጥ ነው፣ እንቅርትም ይከላከላል ይባል ነበር፤ የድዱ ደግሞ ጥርስን ነጭ አድርጎ ያሳያል፣ ድድንም ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። ልጃገረዷ ሳትነቀስ ብትዳር የሚያፍሩት ወላጆቿ ነበሩ።

ንቅሳት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር በበረዶ ውስጥ ተጠብቆ የተገኘውና ኦትዚ የተባለው ሰው ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ በሰውነቱ ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሯል። ንቅሳትን የማጥፋት ፍላጎትም ጥንታዊ ነው። በግሪክና በሮም ዘመን ባሪያዎችና ወንጀለኞች ለቅጣት ይነቀሱ ስለነበር፣ ነጻ የወጣ ሰው ያንን ምልክት ከፊቱ ላይ ለማጥፋት ገንዘብ ይከፍል ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሮም ገጣሚ ማርሻል፣ የባሪያዎችን ምልክት በማጥፋት የታወቀ ኤሮስ የሚባል ሐኪም እንደነበረ ጠቅሷል።

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የአሚዳው አኤቲዮስ የሚባል ሐኪም (አሚዳ ዛሬ በቱርክ ዲያርባክር የምትባለው ከተማ ናት) የማጥፊያውን ቅመም በመጽሐፉ አስፍሯል። አንደኛው ኖራ፣ ጀሶና ሶዳ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ጓዳ እንግዳ አይደለም፦ ቁንዶ በርበሬ፣ ጤና አዳምና ማር። አሠራሩም ቦታውን አጽድቶ የዛፍ ሙጫ መቀባትና ለአምስት ቀን ማሰር፣ በስድስተኛው ቀን በመርፌ መውጋት፣ ደሙን ጠርጎ ጨው መነስነስ፣ ከዚያ ቅመሙን ለጥፎ እንደገና ማሰር ነው። አኤቲዮስ በ20 ቀን ውስጥ ያለ ከባድ ቁስልና ያለ ጠባሳ ይጠፋል ብሎ ጽፏል። የዛሬዎቹ የቅባት ማስታወቂያዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው፦ በአጭር ጊዜ፣ ያለ ሕመም፣ ያለ ጠባሳ። ተስፋው ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተለወጠው ዕቃው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1888 ቫሪዮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሌላ ዘዴ አቀረበ። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን ታኒክ አሲድ በመርፌ እየወጋ ካስገባ በኋላ ሲልቨር ናይትሬት ይቀባዋል። ቆዳው ይጠቁራል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም ቅርፊቱ ንቅሳቱን ይዞ ይረግፋል። በንቅሳቱ ቦታ ግን ጠባሳ ይተካል። ከአኤቲዮስ እስከ ቫሪዮ ያለው ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ቀለሙን ያነሳው ቅባቱ ሳይሆን የቆዳው መቁሰል ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ የዛሬው ሳይንስ ያስረዳል። ቆዳችን ከላይ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ ወፈር ያለ ክፍል አለው። የላይኛው በየወሩ ገደማ እየረገፈ ይተካል። ቀለሙ እዚያ ቢሆን ኖሮ ንቅሳቱ እንደ እንሶስላ በጥቂት ሳምንት በራሱ በጠፋ ነበር። ጥላሸቱ ግን ያለው በታችኛው ክፍል ነው። እዚያ ባዕድ ነገር የሚውጡ የሰውነት ሕዋሳት ጥላሸቱን ውጠው ይዘውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀለሙን የዋጠው ሕዋስ ሲሞት አዲሱ ሕዋስ እንደገና እንደሚውጠው አሳይተዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በላይ የሚቀባ ቅባት እዚያ ድረስ ደርሶ ጥላሸቱን ለይቶ ሊያወጣ አይችልም።

ታዲያ ቱቦው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በብዛት ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። የመጀመሪያው እንደ ሃይድሮኪኖን ያለ ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ነው። ይህ የሚሠራው በቆዳችን ተፈጥሯዊ ቀለም ላይ እንጂ በጥላሸት ላይ አይደለም። ዙሪያው ሲገረጣ ንቅሳቱ ይብሱን ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛው እንደ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ያለ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚልጥ አሲድ ነው። ይህንን ሐኪም ለሌላ ሕክምና በጥንቃቄ ይጠቀምበታል። ቤት ውስጥ በጣት ሲቀባ ግን ያቃጥላል፣ ይቆስላል፣ እንደኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ያበጠ ጠባሳ ወይም የማይለቅ ጥቁረት ሊያስቀር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በቤት የሚቀባ አንድም የንቅሳት ማጥፊያ ቅባት እንዳላጸደቀ፣ ለመሥራታቸውም ማስረጃ እንደማያውቅ ገልጿል።

እንዲህ ከሆነ እህቶቻችን ለምን ይገዛሉ? ስላላወቁ ብቻ ነው ብለን አናልፈውም። አንዷ ሥራ ስትፈልግ ቀጣሪው ግንባሯን ያያል፣ «ገጠሬ» የምትባል ይመስላታል። ሌላዋ ወደ አረብ አገር ለመሄድ ስታስብ መስቀሏ ያሳስባታል። ልጅ የዳረች እናት ፎቶ ላይ አንገቷን በሻሽ ትሸፍናለች። ወደ ሐኪም መሄድ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ማፈርም አለ። ቅባቱ ግን በቦርሳ ይያዛል፣ ማንም ሳያይ ይቀባል፣ ዋጋውም በትንሽ በትንሹ ስለሚከፈል አይሰማም። የቅባቱ ማራኪነት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። አንድ ቱቦ 900 ብር ነው እንበል፤ ለአንድ ወር ይበቃል። «ውጤቱ እስኪታይ ዘጠኝ ወር ተጠቀሚ» ከተባለ 8,100 ብር ይሆናል። በወር 300 ብር ለምትቆጥብ አባል ይህ የ27 ወር ቁጠባ ነው። በዚህ ላይ ቆዳዋ ቢቃጠል የሕክምናው ወጪ ይጨመራል። በመዝገብ አነጋገር ይህ ወጪ እንጂ ንብረት አይደለም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሏል ይህ ነው።

ንቅሳትን በእርግጥ ማደብዘዝ የሚችል ዘዴ የመጣው በሌዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን በንቅሳት ላይ ሞከረው። በ1983 ደግሞ ሁለት ሐኪሞች የብርሃኑን ዓይነትና የቆይታውን ጊዜ በመምረጥ ዙሪያውን ሳይጎዱ የተፈለገውን ነገር ብቻ መምታት እንደሚቻል አስረዱ። ብርሃኑ ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ሰውነት ደግሞ ስብርባሪውን ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በአንድ ቀን አያልቅም፣ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፣ ያማል፣ ውድም ነው። ለጥቁር ቆዳ የሚስማማውን ብርሃን የሚያውቅ ሐኪምም ያስፈልጋል። የእኛን ዓይነት ንቅሳት በተመለከተ ቅርብ ምሳሌ አለ፦ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ንቅሳታቸውን በሌዘር ማስነሳታቸውን የእስራኤል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የምንለው ይህ ነው። ንቅሳቷ ያሳሰባት እህት ቅባት ከመግዛቷ በፊት የቆዳ ሐኪም ታማክር። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። በእጇ ቅባት ካለ ውስጡ ምን እንዳለ የማይናገር ቱቦ አትቀባ፤ ማቃጠል ከጀመራት ወዲያው በብዙ ውኃ ታጥባ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የብድር ኮሚቴያችንም ለእውነተኛ ሕክምና የሚጠየቅን ብድር ከቅባት መግዣ ለይቶ ቢያይ መልካም ነው። አጋሮቻችንም የጤና ትምህርት ስናዘጋጅ ይህን ርዕስ ትንሽ ነው ብለው እንዳያልፉት እንጠይቃለን።

ማስነሳት የምትፈልግ መብቷ ነው፤ ማንም አይፍረድባት። ማስቀረት የምትፈልግም እንዲሁ። እናቶቻችን በእሾህ ተወግተው የተቀበሉት ጌጥ ነውር አይደለም። ነውሩ በእኛ ሐፍረት የሚነግደው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ከ1,400 ዓመት በላይ የተሸጠልንን ተስፋ ከመግዛታችን በፊት እንጠርጥር።