ሴት ልጅ በምን ትመዘናለች?

ባገራችን ወንድ ልጅ ከጕልምስናው እስከ ሽምግልናው የሚጠራባቸው ስሞች በብዛት ከሥራውና ከማዕርጉ የተወሰዱ ናቸው፤ ገበሬ፥ ነጋዴ፥ ጭቃ ሹም፥ ደጃዝማች ይባላል። የሴቲቱን ስሞች በተራ ብንቈጥራቸው ግን ልጃገረድ፥ ሙሽራ፥ እመጫት፥ መካን፥ ጋለሞታ የሚሉትን እናገኛለን። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነባቸው ሣራና ሐና እንኳ ብዙ ምግባር እያላቸው አስቀድሞ የሚነገርላቸው አለመውለዳቸው ነው። ከቃላቱ የጀመርነውም የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት እንጂ ስለ እናቶቻችን ብዙ ስለማይነግሩን ነው።

ቀድሞ በአማራው አገር ያላገባች ልጅ የራሷ መካከል ተላጭቶ ዙሪያው ይቀር ነበር፤ ይህም ሳዱላ ይባላል። ስትዳር ጠጕሯን ታሳድገዋለች። እንግዲህ መንገደኛ ሁሉ ራሷን አይቶ ያልተዳረች መሆኗን ያውቅ ነበር ማለት ነው። በሠርጉም ሌሊት የሙሽራዪቱ ክብር በጨርቅ ላይ ይታያል፤ ብር አምባር የሚሉት ይህንኑ ነው። ጨርቁ የታየላቸው ወላጆች ይጨፍራሉ፥ ያልታየላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ልጅቱ አስተዋይ ትሁን ሞኝ፥ በዚያች ሌሊት የሚጠይቅ የለም።

የጠለፋም ሥሩ እዚሁ ይመስለናል። ጠላፊው ልጅቱን በጕልበት ከደፈረ በኋላ ሽማግሌ ይልካል፤ ወላጆቿም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ብለው ካሣ ተቀብለው ይታረቃሉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፥ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በጠላፊዋ ቤት ተዘግቶባት የምትኖር ልጅ ምን ያህል ፈቃድ እንዳላት አንባቢ ይፍረድ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለወንዱ 18፥ ለሴቲቱ 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ወሰነ፤ ለእርሷ ሰውነቷ መድረሱ በቂ ሆኖ ተገኘ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱም በ18 እኩል ሆኑ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን የጠላፊ መውጫ ዘጋ፥ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ።

ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ በፊት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት በጉራጌ አገር ይህን መለኪያ በአደባባይ የተሟገተች ሴት ነበረች፤ ስሟ የቃቄ ወርድወት ይባላል። በሰባት ቤት ጉራጌ ልማድ ወንድ በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት ሲያገባ፥ ሚስት ግን ባሏን ትታ ብትሄድ እንኳ እርሱ አንቂት ከሚባለው እርግማን ካልፈታት ሌላ ባል ማግባት አትችልም ነበር። ከቤቱ ብትወጣም ሰውነቷ የእርሱ እንደ ሆነ ይቀራል ማለት ነው። ወርድወት ሴቶችን አስከትላ የሰባት ቤት ሽማግሎች ሕግ ከሚደነግጉበት ከየጆካ ሸንጎ ቀረበች። የወደደችውን ማግባት፥ ካልተስማማትም መፍታት እንዲፈቀድላት ጠየቀች፤ ደግሞም «ወንድ በሚስቱ ላይ ሚስት የሚያገባ ከሆነ ሴትም በባሏ ላይ ባል ታግባ» ማለቷ ይተረካል። ይህን የመጨረሻውን እንደ ቀልድ የሚያወሩት አሉ። እኛ ግን ከክርክሯ ሁሉ የጠለቀው እርሱ ነው እንላለን፤ ሽማግሎቹ ከእርሷ አፍ ሲሰሙት የሚያስደነግጣቸው ነገር የገዛ ራሳቸው ልማድ ነበርና። አንቂት ከእርሷም በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ታሪኳ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ቆይቶ በእኛ ዘመን ተውኔት ሆኖ በብሔራዊ ቴአትር ታየ።

እንሴኖ የሰባት ቤት አይደለችም፤ በመስቃን ናት። ስለዚህ «ያ የሩቅ ወሬ ነው» የሚል ቢኖር ስለ ራሳችን አገር የተጻፈውን እንንገረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ባሳተመው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ከኢትዮጵያ የተመረጠው ቦታ ይኸው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። የተጠየቁት 3,016 ሴቶች ናቸው። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው መካከል ከመቶው 71ዱ በእርሱ ተመትተናል ወይም ተደፍረናል ብለው መልሰዋል፤ ባል ሚስቱን ለመምታት የሚበቃ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉትም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከእነዚያ እናቶች የአንዳንዶቹ ልጆች ዛሬ ከእኛው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።